የቀኙ ወንበር ክብደት

ዓርብ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ከባሕሩ ላይ ሳይነሣ፣ ጋራዡ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ኔፍታሊ ቆሞ በስልክ ያወራል፣ እናቱ ኦፌሊያ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ነች፣ አጎቱ ኤቫሪስቶ ደግሞ የውድድር መኪናቸው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ግራሶ ይቀባል። ሁለቱ ግን ሦስተኛው መኖሩን ረስተውታል። ከኤቫሪስቶ የሚታየው ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለው እግሩ ብቻ ነበር፤ ያ እግር ደግሞ ከኔፍታሊ አባት ዘመን ጀምሮ እዚያው ቦታ ተዘርግቶ ስለኖረ፣ እንደ ክሪኩና እንደ ዘይት ጣሳው ሁሉ ማንም ዓይኑን የማይጥልበት ዕቃ ሆኗል።

በስልኩ ማዶ ያለው ሂላሪዮ ነው። ሂላሪዮ የሜሂካሊ ከተማ ሰው ነው፤ ሥራው በበረሃ የሚወዳደሩ መኪኖችን ሾክ፣ ንዝረት የሚያበርደውን ክፍል፣ ፈትቶ፣ ዘይቱንና በውስጡ ያሉትን ቀጫጭን ዝርግ ብረቶች ቀያይሮ፣ መኪናዋ ከጉብታ ላይ ስትወድቅ እንደ ድመት እንድታርፍ ማድረግ ነው። እነ ኔፍታሊ በሚኖሩባት በኤንሴናዳ ከተማ የውድድር መኪና ያለው ሁሉ ስሙን በአክብሮት ያነሣዋል፤ ወረፋው እንደ ጥሩ ወጌሻ ወረፋ ነው። ለነገ ቅዳሜ፣ ከኦሆስ ኔግሮስ መንደር ማዶ ባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ ግማሽ ቀን ሰጥቷቸዋል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ልብስ ሰፊ የባለቤቱን ልክ ሳይወስድ መቀስ እንደማያነሣ፣ እሱም መኪናዋ ለውድድር እንደምትወጣው ሆና ካልመጣችለት መፍቻ አያነሣም። ቤንዚኑ ጢም ብሎ፣ ስኮርት ጎማዎቹ ታስረው፣ ውሃውና መሣሪያው በየቦታው ሆኖ፣ ሰዎቹም ከነልብሳቸው ከነሄልሜታቸው በየወንበራቸው። መምጣት ያልቻለ ሰው ካለ፣ በክብደቱ ልክ አሸዋ ወንበሩ ላይ ይታሰራል።

«አዎ፣ ታጥባ ትመጣለች» አለ ኔፍታሊ። «ብሎኑም ሁሉ ይጠብቃል። ችግሯ ከኋላ ነው። ጉብታው ሲደራረብ፣ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ፣ ጭነት እንዳስጠላት በቅሎ ትራገጣለች።» ኤቫሪስቶ መኪናዋ ሥር ሆኖ ፈገግ አለ። የበቅሎዋን ነገር ያመጣው እሱ ነበር። ካለፈው ውድድር ጀምሮ፣ ሂላሪዮ ሲጠይቅ ምን እንደሚል ለብቻው ሲያውጠነጥን ከርሞ፣ እሑድ ዕለት ለእህቱ ልጅ የነገረው ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንለት ልጁ ቀድሞ ስለተናገረለት ደስ አለው። «ክብደት?» አለ ኔፍታሊ ቀጥሎ። «በግራ እኔ፣ ሰማንያ ሁለት። በቀኝ...» እናቱን አየት አደረጋት። «ቀኙን ዘጠና ስምንት ያዝልኝ።»

የኦፌሊያ መጥረጊያ ቆመ። ከዚያ እንደገና ጀመረ፤ የተጠረገውን ቦታ ነበር መልሳ የምትጠርገው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ኤቫሪስቶ ቁጥሩን ሰማ፣ ወደ ልቡ ግን አልገባም። የቀኙ ወንበር የሱ ነው። መጀመሪያ ከእህቱ ባል ከራሚሮ ጋር፣ ራሚሮ በኩላሊት በሽታ ካለፈ ወዲያ ደግሞ ከልጁ ጋር፣ የሞተሩን ሙቀት እያየ፣ መታጠፊያውን እየነገረ፣ ጎማ ሲፈነዳ ዘሎ እየወረደ የኖረበት ወንበር ነው። የሠፈሩ ሰው ራሱ «ቀኙ» ብሎ ነው የሚጠራው። ስለዚህ ልጁ ተሳስቷል ብሎ ደመደመ። ኔፍታሊ ከድሮም ግምት እንጂ ሚዛን አይወድም። ጨውም እንደዚያው ነው፤ በእጁ አፍሶ ነው የሚጨምረው።

ስልኩ ሲዘጋ ከመኪናዋ ሥር ተንሸራቶ ወጣ። ኔፍታሊ ሲያየው ደነገጠ።

«አንተ እዚያ ነበርክ እንዴ?»

«የት እሄዳለሁ? ስማ፣ የኔን ክብደት ተሳስተህ ነው የነገርከው።»

«ተወው አጎቴ። ከሚያንስ ቢበዛ ይሻላል።»

«አይሻልም እንጂ። ለዘጠና ስምንት ካሰናዳት፣ እኔ ስቀመጥባት በቀኝ በኩል ትደነድናለች። እኔ ስድሳ ምናምን ብሆን ነው።»

«እሺ፣ እናየዋለን» አለና ኔፍታሊ ወደ ስልኩ አጎነበሰ። ስልኩ ላይ ምንም አልነበረም፤ ጠቁሮ ፊቱን ነበር የሚያሳየው። ኦፌሊያ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ ቤት ገባች።

ኤቫሪስቶ እጁን በቤንዚን ታጥቦ ወደ ክፍሉ ሄደ። ክፍሉ ከግቢው ጀርባ ነው፤ ድሮ የጎማ መጋዘን ስለነበረ እስካሁን ጎማ ጎማ ይሸታል። አንድ የሽቦ አልጋ፣ የሽንኩርት ሣጥን ላይ የተቀመጠች ሬዲዮ፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት አለ። መስኮቱ ወደ ልብስ መስጫው ገመድ ያያል። በገመዱ ላይ የውድድር ልብሱ ተሰጥቷል፤ ሐሙስ ማታ በእጁ ያጠበው ነው። ሂላሪዮ ሰዎቹን ከነልብሳቸው ስለሚፈልግ፣ ቆሻሻ ልብስ ለብሶ እንዲህ ባለ ሰው ፊት መቆም ነውር መስሎት ነበር። ከጉሙ የተነሣ ግን ልብሱ አልደረቀም። እጅጌውን ጨመቀው፤ ውሃ ጠብ አለ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ፔትራ ዘንድ ቁልቁል ወረደ።

ፔትራ ዓሣ ሻጭ ነች፤ ከቤቷ በር ላይ በረዶ የሞላ ሣጥን ዘርግታ ትሸጣለች፤ ከጎኗ የዓሣ ሣጥን የሚመዘንበት ትልቅ የመሬት ሚዛን አለ። የዚያን ዕለት የዶራዶ ዓሣ ኪሎ መቶ ሰባ ፔሶ ደርሶ ስለነበር ደንበኛ ሁሉ እየጠየቀ ነበር የሚያልፈው። እሷም ዋጋውን ስትናገር ሰው እንዳይቆጣት ቀድማ ትቆጣ ነበር።

«ዛሬ ምን ልስጥህ፣ ቀኙ?»

«እኔን መዝኚኝ።»

«ከነአጥንትህ ነው ወይስ ተጠርገህ?»

ኤቫሪስቶ አፈረና ጫማውን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ብረቱ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር፤ ቅርፊት ተረከዙ ላይ ተለጠፈበት። ፔትራ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ አየች። «ስድሳ ሦስት። ሸሚዙን ቀንሰህ ለድመት እንኳ አትሆንም። ለምንህ ነው?» አለችው። ነገ ሂላሪዮ እንደሚያስተካክላቸው፣ ኔፍታሊ ቁጥሩን እንደተሳሳተ ነገራት። ፔትራ ቅጠል የመሰለ ትንሽ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችው። «ለኦፌሊያ ስጣት፤ ትጥበስልህ። ክብደትህ ነው ልጁን ያሳፈረው መሰለኝ» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ።

ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ ሠራ። መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አጠባት፤ ጭቃ በየሥርቻው ካለ ክብደቷም ይዋሻል፣ ስንጥቅም አይታይም። የጎማዎቹን ማያያዣ፣ የሞላዎቹን መቀመጫ፣ የሾኮቹን ላይኛና ታችኛ ብሎን አንድ በአንድ በመፍቻ ነካ፤ የላላውን አጠበቀ፣ የጠበቀውን በነጭ ቀለም ምልክት አደረገበት። አዲሶቹ ሾኮች ወፍራምና የሚያብረቀርቁ ናቸው፤ እንደነሱ ያለ ነገር በራሚሮ ዘመን እዚህ ግቢ ገብቶ አያውቅም። ሁለቱን ስኮርት ጎማዎች ከኋላ ጭኖ በቀበቶ ወጠራቸው። ክሪኩን፣ አካፋውን፣ የመጠጥ ውሃውን በየቦታቸው አደረገ። ቤንዚን ከጀሪካን በጀሪካን እስኪፈስ ሞላ። መጨረሻ ላይ በቀኙ ወንበር ጎን ያለችውን የሸራ ኪስ ከፈተና የሱን ነገሮች አየ፤ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት፣ አንድ ፌስታል ጎምዛዛ የታማሪንድ ፍሬ ከረሜላ። ከረሜላው የሾፌሩ ነው። መሪ የያዘ ሰው እጁ ስለማይለቅ፣ ረጅሙ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ኤቫሪስቶ ልጦ ከሄልሜቱ ሥር አሾልኮ ያጎርሰዋል። አባትየውንም እንዲሁ ያጎርሰው ነበር። የሁለቱም አፍ ሲጎርስ አንድ ዓይነት ነው፤ ይህን ግን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ኦፌሊያ ምሳ አቀረበች። በእንቁላል የተጠበሰ የደረቀ ሥጋ፣ የተፈጨ ቦሎቄ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ትኩስ፣ ቶርቲያ የሚሉት የስንዴ ቂጣ ነበር፤ የፔትራም ዓሣ በኤቫሪስቶ ሳህን ላይ ብቻ ተቀምጣ ነበር። የማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ሎሚ የታተመበት ላስቲክ ለብሷል፤ ማቀዝቀዣው አናት ላይ የራሚሮ ፎቶግራፍና ያሸነፈው ዋንጫ ጎን ለጎን ናቸው። ዋንጫው ውስጥ ማንኪያ ይቀመጣል። ኔፍታሊ ቆሞ ነበር የሚበላው፤ ቸኩያለሁ አለ። ኤቫሪስቶ አፉን ጠርጎ «ስድሳ ሦስት ነኝ። ፔትራ መዘነችኝ። ለሂላሪዮ ደውልለት» አለ። የማቀዝቀዣው ሞተር ተንቀጥቅጦ ቆመ። ኔፍታሊ ቶርቲያውን ጠቅልሎ በእጁ እንደያዘ ወደ ጋራዡ ወጣ።

«ዶን ፖርፊሪዮ ለፋብሪካው በር ሰው ይፈልጋል አሉ» አለች ኦፌሊያ ሳህን እያነሣች። ዶን ፖርፊሪዮ የመጠጥ ውሃ ፋብሪካ ባለቤት ነው፤ አዲሶቹን ሾኮችና ጎማዎች የገዛላቸው እሱ ነው፤ የፋብሪካውም ስም በመኪናዋ በር ላይ ሊጻፍ ነው።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«የታመነ። በሩን የሚከፍት የሚዘጋ። ከባድ ሥራ አይደለም። ጥላ አለው፤ ወንበርም አለው።»

«ለማን አስበሽው ነው?»

ኦፌሊያ ከጨርቁ ሥር ሌላ ቶርቲያ አውጥታ ሳህኑ ላይ አደረገችለት። «ብላ። ከስተሃል» አለች። ድምፅዋ እንደ ሕፃንነታቸው ጊዜ ነበር፤ አንድ ነገር ሰብራ በሱ ሲላከክ ትናገረው እንደነበረው። ኤቫሪስቶ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ቢሆንም ዓሣዋን እስከ አጥንቷ በላ። እህቱ ቆማ እያየችው ነበርና መተው አልቻለም።

ወደ ጋራዡ ሲመለስ ኔፍታሊ ጀርባውን ሰጥቶ የሞተሩን ክዳን ይወለውል ነበር። ሳይዞር ተናገረ። «አጎቴ፣ ሦስት ጆንያ አሸዋ ትሞላልኛለህ? ለቀኙ ወንበር። ብራውሊዮ ነገ አይመጣም፤ የእህቱ ልጅ ክርስትና አለ።» ብራውሊዮ የዶን ፖርፊሪዮ ልጅ ነው፤ ደልዳላ፣ ሳቂታ፣ ሁሉን ሰው ትከሻውን መታ መታ እያደረገ ሰላም የሚል ልጅ ነው። የቀኙ ወንበር የብራውሊዮ መሆኑ ለኤቫሪስቶ የተነገረው በዚህ መልክ ነው። ሌላ አልተጨመረበትም። ወለሉ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ነበር፤ ሲደርቅ ጠርዙ ወደ ውስጥ እየጠበበ ሲሄድ ተመለከተው።

«ስንት ይሁን?» አለ።

«ጠዋት እንደሰማኸው።»

ጋሪውን ገፍቶ ከሠፈሩ በታች ወዳለው ደረቅ ወንዝ ወረደ። ወንዙ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነው ወንዝ የሚሆነው፤ ሌላ ጊዜ የሰው ሁሉ መጣያና መተላለፊያ ነው። የተሰበረ ሶፋ ላይ ሁለት ውሾች ተኝተው ነበር፤ አንደኛው ቀና ብሎ አይቶት መልሶ ተኛ። ከላይ ያለው አሸዋ እርጥብ ስለሆነ ሲደርቅ እንደሚቀል ያውቃል፤ ስለዚህ ቆፍሮ ከሥር ደረቁን አወጣ። አካፋው ሲገባና ሲወጣ የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት ነበር። ከጊዜ በኋላ ምን እየሠራ እንደሆነ ረሳው፤ ሰው ሥራ ሲለምድ እንደሚረሳው። ጆንያውን አንገቱን ይዞ ሲያስረው ግን ወገቡ ላይ ደግፎ አቅፎት ነበርና፣ ክብደቱ በደረቱ ላይ ሲያርፍ ሁሉ ነገር ተመልሶ መጣበት።

ፔትራ ሣጥኗን እያጠበች ነበር። ጆንያዎቹን ሚዛኑ ላይ ሲደረድር አየችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓሣ ነው?»

«ሰው ነው።»

«ማን?»

«ብራውሊዮ። የውሃው ፋብሪካ ልጅ።»

ፔትራ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተቆረጠ። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ እንደገና ጠረገች። «አንተስ?» አለችው።

«እኔማ ጠዋት ተመዝኛለሁ።»

በጋሪ በቆሎ የሚሸጥ ሰው ጥሩምባውን እየነፋ በመንገዱ አለፈ። ፔትራ ወደ ሚዛኑ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየች። «እህትህ ታውቃለች?» «ታውቃለች።» «ልጁስ ቁጭ አድርጎ ነገረህ?» «አሸዋ ሙላ አለኝ።» «ራሚሮ ይህን ቢያይ!» አለችና ሊደገም የማይገባውን ስድብ ጨመረችበት። ከዚያ ቀረብ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ፣ ይቺን ሦስተኛዋን ጆንያ ድፋት። ማን ያያል? መኪናዋን ባንተ ልክ ይስፋት። ያ ኮርማ ሲወጣባት መሬት ለመሬት ትጎተታለች፤ ያኔ በጉልበታቸው እየዳኹ ነው የሚመጡልህ።»

ኤቫሪስቶ ጋሪውን እየገፋ ዳገቱን ጀመረ። ሁለቱ ጆንያዎች ተደምረው የሱን ክብደት ያህላሉ፤ ሦስተኛዋ እሱና ብራውሊዮ የሚለያዩባትን ያህል ነበረች። የትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ሲደርስ ጋሪውን አቆመ። ዙሪያውን አየ፤ ማንም አልነበረም። ያሰረውን ፈትቶ ጆንያዋን በጎኗ አጋደማት፤ አሸዋው ሳይጮኽ ወደ ቦዩ ወረደ። ቀሎት ቆመ። የውድድሩ ወር፣ ኅዳር፣ ሲመጣ በዓይነ ሕሊናው አየ። ብራውሊዮ በቀኝ ተቀምጦ፣ መኪናዋ በየጉብታው ሆዷን መሬት እየመታች፣ ኔፍታሊ አቧራ የጠጣ ፊቱን ይዞ ወደ ጎማው መጋዘን መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ፣ «አጎቴ፣ ና» ሲለው። ይህን ደጋግሞ አየው፤ ጣፈጠው። ቀጥሎ ግን ያልፈለገውን አየ። ሆዷን መሬት የምትመታው መኪና አንድ ናት፤ ለግራው ወንበር ሌላ መኪና የለም። ከሦስተኛው ጉብታ ላይ ስትወድቅ ሾኩ ካልያዛት አከርካሪውን የሚመታው የሁለቱንም ነው። የኔፍታሊ አንገት እንደ አባቱ ቀጭንና ረጅም ነው። ከረሜላ ሲቀበል ወደ ቀኝ ዘንበል የሚያደርገውን አንገት አየው።

ቦዩ ውስጥ የፈሰሰው አሸዋ ከቆሻሻ ውሃ ጋር ስለተቀላቀለ ሊያፍሰው አልቻለም። ጋሪውን አዙሮ እንደገና ወደ ወንዙ ወረደ፣ እንደገና ደረቁን ቆፈረ፣ እንደገና ፔትራ ዘንድ መጣ። ፔትራ መዘነችለት። ትንሽ ስለጎደለ እሱ ራሱ በእፍኙ ጨመረበት።

«ቂል» አለችው፣ ዓይኑን ሳታየው።

ጋራዡ ውስጥ ማንም አልነበረም። ሁለቱን ጆንያዎች ወንበሩ ላይ፣ ሦስተኛዋን ከላይ ደረቱ በሚሆንበት ቦታ አደረገና ቀበቶውን አነሣ። ቀበቶው አልደረሰም። ከራሚሮ ዘመን ጀምሮ በኤቫሪስቶ ሰውነት ልክ ተጎትቶ አጥሮ የቆመ ቀበቶ ነው፤ ማንም ነክቶት አያውቅም። ማሳጠሪያ ዘለበቱ ዝጎ ስለነበር ግራሶ ቀብቶ፣ በመፍቻ ጫፍ መታ መታ አድርጎ አላላው። ከዘለበቱ ውስጥ ለዓመታት ፀሐይ ያላየው የቀበቶው ክፍል ወጣ፤ ሰማያዊ ነበር። ሌላው ሁሉ አመድ መስሏል። ኤቫሪስቶ ያ ቀበቶ ሰማያዊ እንደነበረ ረስቶት ነበር። በትከሻ፣ በወገብ፣ በእግር መሐል አድርጎ ወጠረና ጆንያዎቹን በሁለት እጁ ነቀነቃቸው። ንቅንቅ አላሉም። የሸራ ኪሷን ከፈተ፤ የእጅ ባትሪውንና ጓንቱን አወጣ። ከረሜላውን አውጥቶ በእጁ ይዞ ቆየ፤ ከዚያ መልሶ አስገባው።

ኔፍታሊ ሲመጣ ፀሐይ ወደ ባሕሩ አዘንብላ ነበር። ጆንያዎቹን ገፋ፣ ጎተተ። «እንደ ድንጋይ ነው» አለ። ከዚያ ሊያስቅ ሞከረ። «ከብራውሊዮማ ይሄ ይሻላል። ቢያንስ አያስታውክም።» ኤቫሪስቶ በልማድ ፈገግ አለ። ልጁ ሲቀልድ ፈገግ ማለት ከሕፃንነቱ ጀምሮ የለመደው ነው።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?»

ኔፍታሊ የመኪናዋን ጣሪያ ቧንቧ በጣቱ ጠረገ። «አጎቴ... ፒክአፑ ሞልቷል። ዶን ፖርፊሪዮ ማየት ይፈልጋል፤ ከወንድሙ ጋር።»

«ከኋላ፣ ጭነቱ ላይ እቀመጣለሁ።»

«ፖሊስ ያስቆመናል።»

«ሂላሪዮ ስለ ኋላዋ ቢጠይቅስ?»

«ነግሬዋለሁ እኮ። የበቅሎዋን ነገር ነግሬዋለሁ።»

ኤቫሪስቶ ራሱን ነቀነቀ። ኔፍታሊ ሊሄድ ዞረና በሩ ላይ ቆመ። «ሾኩን ባይገዙልን መኪናዋ ዘንድሮ አትወጣም ነበር። ታውቃለህ አይደል?» አለ። ኤቫሪስቶ «አውቃለሁ» አለው። ልጁ ይቅርታ የጠየቀው በዚህ ነበር፤ ይቅርታውንም ያገኘው በዚሁ ነው። ከዚያ ተባብረው መኪናዋን ወደ ተሳቢው ገፏት። ወደ ቀኝ ዘመም ብላ ነበር የምትሄደው፤ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ ሆነው ሲገፉ ትንፋሻቸው ይሰማ ነበር። ኤቫሪስቶ የቆመው በቀኝ በኩል ነው።

ጉሙ ከባሕሩ ተመልሶ መጣ። ኦፌሊያ ልብስ ልታስገባ ወጣችና የውድድር ልብሱ ጋ ስትደርስ ቆመች። መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ ነቀለች፤ ልብሱን አጥፋ በክንዷ ላይ አድርጋ ወደ ወንድሟ ክፍል በር መጣች። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ሬዲዮው አልተከፈተም።

«ገና አልደረቀም» አለች።

«ግድ የለም። አያስቸኩልም።»

ልብሱን ሣጥኑ ላይ ልታስቀምጠው አስባ እርጥበቱ ሬዲዮውን እንዳያበላሽ ተወችው። በምስማሩ ላይ ልትሰቅለው አሰበች፤ በምስማሩ ላይ ግን ሄልሜቱ አለ። እዚያው በሩ ላይ ልብሱን እንደታቀፈች ትንሽ ቆየች። «እራት ደርሷል» አለች።

ቅዳሜ ዕለት መኪናዋ ተስተካከለች። ኔፍታሊ ሲመለስ፣ ሂላሪዮ የአሸዋውን ልክ እንዳመሰገነና ጆንያዎቹ ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ እንዳላሉ ተናገረ። አሸዋውን ወደ ወንዙ የመለሰው ኤቫሪስቶ ነው። ሰኞ ጠዋት በውሃ ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ወንበሩ ፕላስቲክ ነው።